«ዝም ብለሽ ፈርሚ» ትለኛለች እናቴ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። አምና ከአምስት ኪሎ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ግን አብራሪነትን ነው። አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነች ጊዜ ገና ትንሽ ተማሪ ነበርኩ። ፎቶዋን ከጋዜጣ ቆርጬ ደብተሬ ላይ ለጥፌው ነበር። ዘንድሮ ለአብራሪነት ሥልጠና ተመዝግቤ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሕክምና ምርመራ አለኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ሆኜ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። እኔ ምንም አላስታውስም። ታላቅ እህቴ እንደምትለው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ዓይኔ ይገለበጣል፣ አረፋ ይደፍቀኛል፣ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸተኛል። ያኔ የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሆስፒታል ተኝቻለሁ። የሆነ ሽሮፕም ለተወሰነ ጊዜ ወስጃለሁ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተመላልሰናል። ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን አንድም ቀን እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

የምርመራው ቅጽ ላይ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት አጋጥሞሽ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄ እንዳለ ባለፈው ዙር ከተመረመረች ጓደኛዬ ሰማሁ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ዝም ብለሽ የለም በይና ፈርሚ። ማን ያውቃል? ካርዱ የለ፣ ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሰዉ ተበትኗል» አለችኝ። አጎቴም «እዚህ አገር እውነት ተናግሮ የተጠቀመ የለም» ይላል። እህቴ ብቻ «ተናገሪ» ትለኛለች። በዚህ የተነሳ ከእማዬ ጋር ተኳርፈዋል።

እኔ ግራ ገብቶኛል። የማላስታውሰውን ነገር አለመናገር ውሸት ነው? ከተናገርኩስ በገዛ እጄ ዕድሌን መዝጋቴ አይደለም? እባክዎ የሚሉኝን ይበሉኝ።

ሰ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ውድ ሰ.፣

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ማለፍሽን በአንድ መስመር ነካ አድርገሽ ነው ያለፍሽው። ጭንቀቱ የደስታሽን ቀን እንደወሰደብሽ ገባኝ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ጎበዝ» ያለሽ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እኔ ልበልሽ። ጎበዝ።

አሁን ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ተናገሪ። ባዶ እጅሽን ሄደሽ ግን አትናገሪ። ሦስት ሳምንት አለሽ፤ በደንብ ከተጠቀምሽበት ብዙ ነገር ይሠራል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቤት ውስጥ የተጣላችሁት «ይነገር ወይስ አይነገር» በሚለው ነው። የሚነገረው ነገር ምን እንደሆነ ግን በቅጡ የተነጋገራችሁ አይመስልም። አንቺ አታስታውሺም። እህትሽ ያኔ ራሷም ልጅ ነበረች። አጎትሽ የሰማውን ነው የሚያወራው። የሆነውን በዓይኗ ያየችው እናትሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ማውራት አትፈልግም። እስቲ ልጠይቅሽ፦ ያንቀጠቀጠሽ ጊዜ ሁሉ ትኩሳት ነበረሽ? የመጨረሻው ስንት ዓመትሽ ላይ ነበር?

ይህን አጥብቄ የምጠይቅሽ መልሱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ሊያደርስሽ ስለሚችል ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ላይ፣ ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ትኩሳት ሲበረታባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ቶንሲል ወይም የጆሮ ሕመም፣ አንዳንዴም ተራ ጉንፋን ያመጣዋል። ለሚያይ ሰው እጅግ ያስደነግጣል። ሰውነት ይገተራል፣ ዓይን ይገለበጣል፣ ከንፈር ይጠቁራል። እናት «ልጄ ሞተችብኝ» ብላ ትጮኻለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፤ ልጁ ሲያድግም ይተወዋል። አንዴ ከተንቀጠቀጡት ልጆች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሌላ ጊዜ ትኩሳት ሲይዘው ይደግመዋል። ስለዚህ «ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ» መባሉ ብቻውን የሚጥል በሽታ ነበረብሽ ማለት አይደለም።

በአንጻሩ ትኩሳት ሳይኖርሽ ተንቀጥቅጠሽ ከሆነ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከተደጋገመ፣ ወይም አንድ ጎንሽን ብቻ ይዞ ከነበረ ሐኪም ጠለቅ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ማጅራት ገትር ታመሽ ከነበረም እንደዚያው። ሆስፒታል መተኛትሽና ሽሮፕ መውሰድሽ ለየትኛውም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከቅጹ በፊት ታሪኩ መታወቅ ያለበት።

ወደ አብራሪነቱ ስንመጣ፣ የጤና መመዘኛው አንድ መሥሪያ ቤት ከኪሱ ያወጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ ከተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ጋር የተያያዙ ዓለም አቀፍ ደንቦች አሉ። የመጀመሪያው አባሪ የሚናገረው ስለ ፈቃድ ነው። የንግድ አብራሪ በዚያ መሠረት አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የጤና ሰርተፍኬት ማግኘት አለበት። የተረጋገጠ የሚጥል በሽታ ታሪክ ያለበት ሰው፣ ወይም ራሱን ስቶ ምክንያቱ አጥጋቢ የሕክምና ማብራሪያ ያላገኘለት ሰው ይህን መመዘኛ አያሟላም። ክፋት የለበትም። እንቅልፍ ማጣት መንቀጥቀጥን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ አብራሪ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲበር ያድራል።

«አጥጋቢ የሕክምና ማብራሪያ» የሚለውን ግን ያዢልኝ። ያንቺ ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርን እንይ። ከ5 ዓመቱ በፊት አንድ ጊዜ በትኩሳት የተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያልደገመውና መድኃኒት ካቆመ 3 ዓመት ያለፈው አመልካች እዚያው መርማሪ ሐኪሙ ጋ ማለፍ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሮላንዲክ የሚባለው፣ ልጆች ሲያድጉ የሚተዋቸው የመንቀጥቀጥ ዓይነት በትክክል ተለይቶ ከታወቀና ቢያንስ ለ10 ዓመት ምልክትም መድኃኒትም ከሌለ ሊታለፍ ይችላል። አንቺን የሚመለከተው ውሳኔ የሚሰጠው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ነው፤ ደግሞም ያንቺ ከአንድ ጊዜ በላይ ነው ተብሏል። የሌሎቹን ያነሳሁልሽ ልጅ ሆኖ የተንቀጠቀጠ ሰው በሩ ሁሉ ተዘግቶበታል ብለሽ እንዳታስቢ ነው። ባለሙያዎቹ ልዩነቱን ያውቃሉ። ልዩነቱን እንዲያዩልሽ ግን መረጃው ፊታቸው መቅረብ አለበት።

«የለም» ብለሽ ብትፈርሚስ? ይህንንም እስከ መጨረሻው አብረን እንየው። አንደኛ ደረጃ የጤና ሰርተፍኬት አንዴ ወጥቶ የሚቀመጥ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው፤ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ ለ6 ወር። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ደግሞ አብራሪ እስከ 65 ዓመቱ መሥራት ይችላል። አስቢው። በየዓመቱ ምርመራ፣ በየዓመቱ ስለ ጤና ታሪክሽ የሚጠይቅ ቅጽ። ሥራሽን እስክትጨርሺ ከ40 ጊዜ በላይ «የለም» እያልሽ ልትፈርሚ ነው። እናትሽ የምታስበው ስለ አንዷ ፊርማ ብቻ ነው። ለመርማሪ ሐኪም የተሰጠ የሐሰት ቃል ሲገኝ ደግሞ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት እንደሚደረግ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ያኔ ጥያቄው የሦስት ዓመት ሕፃን ትኩሳት መሆኑ ይቀራል። «ይህች ልጅ ታማኝ ናት ወይ?» ይሆናል። ለዚህኛው የሐኪም ደብዳቤ አይገኝለትም።

ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሽ ቢያዞርሽ ወይም ራስሽን ቢያምሽ፣ ሐኪም ፊት ቁጭ ብለሽ ሙሉውን መናገር አትችይም። ሌላ ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ለመዳን ነው። አንቺ ግን የምትሄጂው እየተጠነቀቅሽ ይሆናል። በሠርግና በለቅሶ ቤት አንዷ ዘመድ «ያኔ ስትንቀጠቀጪ እኮ» ብላ ባነሳች ቁጥር ልብሽ ይመታል። ይህን ያህል ለፍተሽ የምታገኚውን ሥራ እየተሳቀቅሽ እንድትሠሪው አልፈልግም።

«የማላስታውሰውን አለመናገር ውሸት ነው?» ብለሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዳሾፍሽ አልቆጠርኩትም። ጨርሶ ባታውቂ ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር። ሰው የማያውቀውን ሊናገር አይችልም። አሁን ግን ታውቂያለሽ። የልደት ቀንሽንም አታስታውሺውም፤ ቅጽ ላይ ግን ትሞዪዋለሽ። ያላስታወስሽውን «አላስታውስም፣ ቤተሰብ እንደነገረኝ» ብለሽ መጻፍ ይቻላል።

የአጎትሽን ንግግር አላጣጥልም። እውነት ተናግሮ የተጎዳ ሰው አይቶ ይሆናል፤ ለአንቺም ሳስቶልሽ ነው። «የማውቀው ሰው አለ፣ ንጹህ ወረቀት ያጽፍልሻል» ወደሚለው ከመጣ ግን በትህትና እምቢ በይው። በዚህ ላይ ድርድር ባይኖርሽ እመርጣለሁ።

ከሁሉም የከበደው የእናትሽ ጉዳይ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ አልሽ። እስቲ ያን ጊዜ አስቢላት። ዓይኗ እያየ ልጇ አረፋ ስትደፍቅ፣ ታቅፋ ታክሲ ፍለጋ ስትሮጥ፣ ጎረቤት ክብሪት ይዞ ሲሰበሰብ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰው አፍ አለ። በእኛ አገር «የሚጥል በሽታ አለባት» የተባለች ልጅ ምን እንደሚደርስባት ታውቂያለሽ። ሰው ሲጥላት እንኳ ሊነካት ይፈራል። ስታድግ «ማን ያገባታል?» ይባላል። እናትሽ ይህ እንዳይደርስብሽ ስትል ነው ነገሩን ሃያ ዓመት ሙሉ ይዛ የኖረችው። አሁን አንቺ ቅጽ ላይ ልትጽፊው ነው ስትያት፣ የጠበቀችሽ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈርስባት ሆነ።

ስለዚህ ስታናግሪያት ስለ ቅጹ አትጀምሪ። እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «እማዬ፣ ያኔ አንቺ እንዴት ሆነሽ ነበር?» ብለሽ ጀምሪ። «ለምን ደበቅሽኝ?» የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። መጀመሪያ ፍርሃቷን ታውራልሽ። አልቅሳ ከሆነ አልቅሳ፣ ይውጣላት። ምናልባትም ስለዚህ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ዝርዝሩ ግቢ። መጀመሪያ ያንቀጠቀጠሽ መራመድ ጀምረሽ ነበር? ሰውነትሽ ያቃጥል ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየ ብትያት አታውቅም፤ ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም። «ጎረቤት እስኪመጣ ቆየ? ሆስፒታል ስንደርስ ቆሞ ነበር?» ብትያት ግን ታስታውሳለች። ሐኪሙ ምን አላት? ሽሮፑን መቼ ተውሽ፣ ማን አስተወሽ? የመጨረሻው ከየትኛው በዓል በፊት ወይም በኋላ ነበር? ስትነግርሽ ጻፊው። ከትዝታዋ ጋር እንዳትከራከሪ፤ «እህቴ ግን እንዲህ ትላለች» ማለትም ይቅር። እህትሽንም ለጊዜው ከክርክሩ ብታስወጪያት ጥሩ ነው። ልክ ብትሆንም፣ የእሷ ግፊት እናትሽን የበለጠ ዝም ያሰኛታል።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪያት። በዓለም አቀፉ ደንብ የሕክምና ምሥጢር ሁልጊዜ መጠበቅ አለበት። መርማሪ ሐኪሙ ጋ የሚነገረው ለሰፈር የሚነገር አይደለም። ምናልባት ይህ ትንሽ ያሳርፋት ይሆናል።

መረጃ ፍለጋውን አሁኑኑ ጀምሪ። የተኛሽበት ሆስፒታል እየሠራ ከሆነ ካርድ ክፍሉ ሄደሽ ሙሉ ስምሽን፣ የአባትሽንና የአያትሽን ስም፣ የተኛሽበትን ዓመት ግምት ይዘሽ ጠይቂ። ሃያ ዓመት የቆየ ካርድ ላይገኝ ይችላል። ከዶሮ ማነቂያ ስትወጡ በፌስታል ታስሮ የመጣ ወረቀት ካለም ፍቺው። የክትባት ካርድሽ ወይም የቆየ የመድኃኒት ማዘዣ ከዚያ ሊወጣ ይችላል። ምንም ባይገኝም አትደንግጪ። በዓይኗ ያየች እናት ቃል ለነርቭ ሐኪም ትልቅ መረጃ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ የነርቭ ሐኪም ነው፤ ኒውሮሎጂስት የሚሉት። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ሕክምና ክፍል አለው። ወረፋው ጊዜሽን የሚበላብሽ ከሆነ በግል የሚሠሩ ስፔሻሊስቶችም አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ከቻልሽ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። ሐኪሙ የሚጠይቃት ብዙ ነገር አለ። እሷም «ይህ በትኩሳት የመጣ ነው» የሚለውን፣ ያ ከሆነ፣ ከሐኪም አፍ ብትሰማው ሸክሟ ይቀልላታል።

እባክሽ ከዚያ በፊት በራስሽ ሄደሽ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራውን፣ ኢ.ኢ.ጂ የሚባለውን፣ እንዳታሠሪ። ብዙ ሰው ቸኩሎ ያንን ያስቀድማል። ውጤቱ ጥሩ መሆኑ ብቻውን የሚጥል በሽታ የለም አያሰኝም። ጤነኛ ሰው ላይም አልፎ አልፎ የሚያደናግር ምልክት ይታያል። ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። ለእሱ ደግሞ ሁሉንም ንገሪው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ፈዘሽ የቀረሽበት ጊዜ አለ? ጠዋት ስትነሺ እጅሽ ብርግግ ብሎ ዕቃ ይወድቅብሻል? ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? ከሌለ የለም በይ። ካለ ደግሞ ለፈተናው ስትይ ሳይሆን ለሕይወትሽ ስትይ ልታውቂው ይገባል።

ከሐኪሙ የምትፈልጊው ማብራሪያ ያለው ደብዳቤ ነው። ምን እንደተፈጠረ፣ በስንት ዓመትሽ፣ ከትኩሳት ጋር ነበር ወይስ አልነበረም፣ መድኃኒት መቼ እንደቆመ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት በሰላም እንደኖርሽ፣ ዛሬ ሲመረምርሽ ምን እንዳገኘ። «ጤነኛ ናት» ብሎ ማኅተም የተመታበት አንድ መስመር ብዙም አይጠቅምሽም።

ቅጹን ስትሞዪ አጭርና ግልጽ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ቤተሰቦቼ እንደነገሩኝ በ2 እና በ4 ዓመቴ መካከል ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር የተያያዘ መንቀጥቀጥ አጋጥሞኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተደገመም። መድኃኒት አልወስድም። የነርቭ ሐኪም ማብራሪያ አያይዣለሁ።» ዕድሜውንና ትኩሳቱን እናትሽ በነገረችሽና ሐኪሙ በጻፈው መሠረት ታስተካክይዋለሽ። የይቅርታ ቃል አያስፈልገውም። ያጠፋሽው ነገር የለም።

«አይሆንም» ቢሉሽስ? ሊሉሽ ይችላሉ። ያ ቀን ከመጣ ይከብድሻል፤ «ለበጎ ነው» ብዬ ላልፈው አልችልም። በዚያ ቀን ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። ዓለም አቀፉ ደንብ መመዘኛው በአንድ ነጥብ ባይሟላ እንኳ የበረራ ደህንነት እንደማይጓደል የባለሙያዎች የሕክምና ውሳኔ ካረጋገጠ ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ ያስቀምጣል። በዚያ መንገድ ጉዳይሽ ይታይ እንደሆነ ጠይቂ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪሽም ወደ አውሮፕላን ጥገና፣ በተለይ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥርዓቱ፣ መግባት ትችያለሽ። የዓለም አቀፉ ደንብ ለጥገና ባለሙያ ፈቃድ እንደ አብራሪ ያለ የጤና ሰርተፍኬት አይጠይቅም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ግን የራሱ የጤና መመዘኛ አለው፤ እሱን ስታስቢ ይህንን እወቂ። ዛሬ ግን በዚህ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ። አልተከለከልሽም።

የነርቭ ሐኪሙ ቀጠሮ ከምርመራው ቀን በኋላ ከተሰጠሽ፣ የምርመራውን ቀጠሮ ወደሰጡሽ ሰዎች ደውለሽ «የስፔሻሊስት ደብዳቤ እየጠበቅኩ ነው፣ ቀኔ ሊገፋልኝ ይችላል?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተገፋ በቀንሽ ሂጂ። ቅጹን በእውነት ሙዪ፤ የቀጠሮ ወረቀትሽን ለመርማሪው አሳይውና ደብዳቤው እንደሚከተል ንገሪው።